«ዋናው መልእክቱ ነው» ለምትሉኝ

ደሴ ውስጥ ቀን ቀን ጤና ኮሙኒኬሽን ላይ እሠራለሁ። ማታ ማታ ትያትር እጽፋለሁ። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ሰው ምን እንደሚለኝ ገና አፉን ሳይከፍት አውቀዋለሁ። ሰለቸኝ። ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

«ወይ አርቲስት ሁን ወይ ሠራተኛ ሁን።» ሩሲያዊው ጸሐፌ ተውኔት ቼኾቭ ሐኪም ነበር። በፈረንጆች 1892 ኮሌራ ሲያሰጋ በየመንደሩ እየዞረ በነፃ ሲያክም ከርሟል፤ ትልልቆቹ ትያትሮቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

«ገቢህ ድርብ ነው።» አብሽሩ፣ ድርብ የሆነው ድካሙ ብቻ ነው።

«የገጠር ሰው ቀለል ያለ ነገር ነው የሚገባው።» ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በመኪና መጥቶ በመኪና የሚመለስ ሰው ነው። ወሎ ውስጥ በመንዙማና በግጥም ላደገ ሰው አንድ ስንኝ ጣል ብታደርግለት ሁለተኛውን ራሱ ይደፋልሃል። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል የሚሸጥ ሰውዬ ዋጋ ሲጠሩለት ዝም የሚላትን ዝምታ፣ እኔ እስካሁን መድረክ ላይ አልቻልኩባትም።

«ጤና ያልተማረ ስለ ጤና አይጻፍ።» ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው። ለዚህም ነው እያንዳንዱን ረቂቅ ለባለሙያ የማስነብበው። አንዴ የቲቢ ታማሚ ገጸ ባሕርይ ጽፌ በሁለተኛው ወር ሳሉ ሲቆም መድኃኒቱን አስጨረስኩት፣ ደስ ብሎት ጨፈረ፣ መጋረጃ ተዘጋ። ያነበበችልኝ ነርስ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ሕክምናው ስድስት ወር ነው፤ ሳሉ ቆመ ማለት ባክቴሪያው አለቀ ማለት አይደለም፤ አንተ ሰውዬውን ገደልከው» አለችኝ። ተናደድኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ትያትሩ ያለው እዚያ ጋ ነው፦ የተሻለው ሰው፣ መድኃኒቱ የሰለቸው ሰው፣ ገና አራት ወር የሚቀረው ሰው። እሷ ባትሰርዝብኝ አላገኘውም ነበር።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። «ዋናው መልእክቱ ነው፤ ድራማው ማጀቢያ ነው።»

አንድ መሥሪያ ቤት ቢጋር፣ ማለትም ሥራው ምን እንዲሆን የሚፈልጉትን የዘረዘረ ወረቀት፣ ላከልኝ። የ15 ደቂቃ ድራማ፣ ስምንት መልእክት። የእርግዝና ክትትል፣ ጤና ተቋም መውለድ፣ ጡት ብቻ ለስድስት ወር፣ ክትባት፣ እጅ መታጠብ፣ አጎበር፣ ቤተሰብ ምጣኔ፣ መጸዳጃ ቤት። ምጥ የያዛት ሴት ስለ አጎበር ስታስተምር አስቡት! «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ እኮ በዋናነት በኤችአይቪና በቤተሰብ ምጣኔ ላይ 257 ክፍል ሄዷል። ሰው ሐሳቡን የሚቀይረው እንደዚያ ቀስ እያለ ነው።

ደግሞ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ምራቷን ጤና ጣቢያ አላስሄድም የምትል ክፉ አማት ነበረች። ባልየው ዓረብ አገር ነው። መጨረሻ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ወጥቶ ንግግር ያደርጋል። ሐይቅ ከተማ አካባቢ ሜዳ ላይ አሳየነው፣ ተጨበጨበ፣ ሪፖርት ተጻፈ።

ዕቃ ስንጭን አንዲት እናት በእጃቸው ጠሩኝ። ነጠላቸውን ጫፉን በጣታቸው እየጠቀለሉ ነው የሚያወሩት።

«ጎሽ ልጄ። ግን አማትየውን ለምን ክፉ አደረግሃት?»

«እትዬ፣ አላስሄድም ብላ እኮ ነው።»

«ማን ይሸከማት? ልጇ ዓረብ አገር ነው ብለሃል። የሰፈሩ ወንድ አጨዳ ላይ ነው። ቃሬዛ ብቻውን ይሄዳል?»

ወላሂ፣ ባልየውን ዓረብ አገር የላክሁት አንድ ተዋናይ ስላነሰን ነበር።

እኚህ እናት መልእክቱን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጤና ኤክስቴንሽኗ ስንት ጊዜ ነግራቸዋለች። የጎደለው ወሬው አልነበረም፣ ትከሻ ነው። ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ በፈረንጆች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቴሌቪዥን ድራማ ሲሠራበት የኖረው ነገርም ይኸው ነው፦ አንድ ደግ፣ አንድ ክፉ፣ መሃል ላይ ደግሞ የሚወላውል ሰው። ተመልካቹ የሚከተለው የሚወላውለውን ነው። እኔ አማትየውን ክፉ አድርጌ ስጽፋት እዚያ ሜዳ ላይ የተቀመጡትን አማቶች በሙሉ አባረርኳቸው ማለት ነው።

እንደገና ጻፍኩት። አሁን አማትየው ቃሬዛ ተሸካሚ ፍለጋ በየቤቱ ስትዞር ነው የምናያት። አንዱ ጋ ወገቡን ያመዋል፣ አንዱ ጋ የቆየ የድንበር ጠብ አለ፣ አንዱ ጋ ቡናው ቀርቦ ዱበርቲዎቹ፣ ቡና ላይ ዱዓ የሚያደርጉት እናቶች፣ ለነፍሰ ጡሯ ዱዓ እያደረጉ ነው። እዚያ ቤት ቆማ ትወላውላለች። ልቀመጥ ወይስ ልሂድ? ከዱበርቲዎቹ አንዷ ስኒውን ጀባ ትላትና «ጠጪና ሂጂ፤ ዱዓው መንገድም ላይ ይደርሳል» ትላታለች። «ጤና ተቋም ውለዱ» የሚል አንድም ቃል የለበትም። ይህን ስናሳይ ትያትሩ አልቆ ወንዶቹ ከሜዳው አልነሳ አሉ፤ የእነሱ ቃሬዛ አንዱ እንጨቱ ተሰብሮ ኖሮ ማን ይሥራው እያሉ ይጨቃጨቁ ነበር።

ያሠራን ኃላፊ ወደ እኔ ዞሮ ምን አለኝ? «ጥሩ ነው። መልእክቱ ግን የታለ?»

ሁለቱን ሙያ አጣምሬ ልሥራ የምትሉ ልጆች ትጠይቁኛላችሁ። «ምን ልንገራቸው» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እያወቁ ለምን እንደማያደርጉት ሄዳችሁ ቡና ጠጥታችሁ ስሙ። ውል ስትፈርሙ አንድ ትያትር አንድ ጉዳይ ብላችሁ አጽፉ። ረቂቁን ባለሙያ ያንብበው፣ ቢያናድዳችሁም። ሰው ሳቀ ብላችሁም አትመኑ፤ ሦስት ወር ቆይታችሁ ተመለሱና ታሪኩን ንገሩኝ በሏቸው፣ ምን እንደቀረ ያኔ ይታያችኋል። ነጩን ጋዋን ደግሞ ለእግዜር ብላችሁ ቤት ተዉት።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ቢጋር መጥቶልኛል። 20 ደቂቃ፣ ዘጠኝ መልእክት። አሁን ስልኩ እየጠራ ነው፣ እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።