አስከስ ምንድን ነው?

ክረምት ሲገባ ከደሴ ወደ ጦሳ አቀበት የምትወጡ ሰዎች፣ እስቲ ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን ፈትሹ። የበሰበሰ እንጨት፣ የከብት እበት፣ ከሰል የከሰለበት ቦታ። ጽዋ መሳይ እንጉዳዮች የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው። የጅብ ጥላ ሲባል የምናስበው ባለ ጃንጥላውን ነው። እነዚህ ግን ጃንጥላም የላቸው፣ ብዙዎቹ እግርም የላቸው። ጎድጓዳ ብቻ ናቸው። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ቀላል ነው፤ ፎቶው ግን እምብዛም አይረዳም። ፔዚዛ የሚባሉት ቡናማ ጽዋ መሳይ ዝርያዎች በዓይን ሲታዩ ቁርጥ አንድ ናቸው። የሚለያዩት አስከሳቸው ሲታይ ነው።

አስከስ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ረጅም ከረጢት ነው። የጽዋውን ውስጠኛ ገጽ የሸፈኑት እነዚህ ከረጢቶች ናቸው፤ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ቆመዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 8 ስፖር አለ፤ ልክ እንደ አተር እሸት ተሰልፎ። ስፖር እንጉዳዩ የሚራባበት ነው። ሲደርስ ከረጢቱ በውሃ ይወጠርና ስፖሮቹን ባንዴ ይተፋቸዋል። የደረሰ ትልቅ ጽዋ ላይ እፍ ሲሉበት አንዳንዴ ጭስ የመሰለ ነገር ቡን የሚለው ለዚህ ነው። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ካገኛችሁ ሞክሩት።

አተፋፉ ራሱ መለያ ነው። አንዳንዱ አስከስ ጫፉ ላይ ክዳን አለው። ሌላው ክዳን የለውም፤ በጠባብ ቀዳዳ ይለቃል። ፈረንሳዊው ኤሚል ቡዲዬ በ1885 (እ.ኤ.አ.) ጽዋ መሳዮቹን በዚህ ልዩነት ለሁለት ከፈላቸው። ዛሬም መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው።

ቀጥሎ አዮዲን ይመጣል። የፔዚዛ አስከስ ጫፉ አዮዲን ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል። ጠርዙ ላይ ጥቁር ፀጉር ያለው ቀዩ ስኩተሊኒያ ግን አይቀየርም። ለዚህ ውድ ኬሚካል አያስፈልግም። ላቦራቶሪዎች ለሰገራ ምርመራ የሚጠቀሙበት ሉጎል የሚባለው የአዮዲን ፈሳሽ ይበቃል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ወዳጅ ያለው ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አደራ የምለው ግን አንድ ነገር አለ፦ ናሙናው ሳይደርቅ እዩት፤ አዮዲኑ ይቆይ። በምላጭ ስስ አድርጎ መቁረጥ፣ በንጹሕ ውሃ ጠብታ ስላይድ ላይ ማስቀመጥ፣ መሸፈኛውን መስታወት ቀስ ብሎ መጫን ነው። በስፖሩ ውስጥ ያሉት የዘይት ጠብታዎች ስንት እንደሆኑና የት እንደተቀመጡ ዝርያ ይለያል። ሕዋሱ በድርቀት ወይም በአዮዲን ከሞተ ጠብታዎቹ ሊዋሃዱ ይችላሉ፤ ያኔ ያ መለያ ጠፋ ማለት ነው።

የስፖሩም መጠን ይለካል። የብዙ ፔዚዛዎች ስፖር ርዝመት ከ15 እስከ 25 ማይክሮሜትር ነው፤ 1 ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። በአንድ ስፖር አይፈረድም፣ ብዙ ለክቶ ትንሹንና ትልቁን መያዝ ነው። ደግሞ የሚለካው ከከረጢቱ ተተፍቶ የወጣው ነው፤ ውስጥ የቀረው ገና ያልደረሰ ሊሆን ይችላል።