የኢንሹራንስ «የገበያ ዋጋ» ምንድን ነው? የክላሲክ መኪና ባለቤትስ እንዴት ይሞግተዋል?

በኢንሹራንስ ውል ውስጥ «የገበያ ዋጋ» ሲባል፣ መኪናዋ አደጋው ከመድረሱ አንድ ደቂቃ በፊት ብትሸጥ ታወጣ የነበረው ዋጋ ማለት ነው። አዲስ ስትገዛ የተከፈለባት አይደለም። ለማደስ የፈሰሰባት ገንዘብም አይደለም። ባለቤቱ በልቡ የሚሰጣት ዋጋማ ጭራሽ አይቆጠርም። ያቺ መኪና፣ በዚያች ደቂቃ በነበረችበት ይዞታ፣ ገዢ ስንት ያወጣባት ነበር? ጥያቄው ይኸው ነው።

ለተራ መኪና መልሱ ብዙም አያስቸግርም። ተመሳሳይ ሞዴል በየቀኑ ይሸጣል። ገማቹ በኮምፒውተር የቅርብ ጊዜ ዋጋዎችን ያወጣል፣ በኪሎሜትርና በይዞታ ልዩነት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፣ አለቀ። ክላሲክ መኪና፣ ማለትም ሰብሳቢዎች በብርቅነቷ የሚፈልጓት የድሮ መኪና ላይ ግን ይሄ አሠራር ይሰናከላል። አምሳያዋ ገበያ ላይ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። ፕሮግራሙ እኩያ ሲያጣ ቀረብ ያለውን ያነሳል፤ ቀረብ ያለው ደግሞ ብርቅ ያልሆነው፣ ማለትም ርካሹ ነው። የእርጅና ቅናሽ ከተጨመረበትማ አለቀላችሁ። ዕድሜ የአብዛኛውን መኪና ዋጋ ይጥላል፤ የእነዚህን ግን ብዙ ጊዜ ያነሳል።

ቮልስዋገን ቢትልን እንይ። እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ማርች ድረስ የተሠሩት የኋላ መስኮታቸው መሃሉ ላይ በብረት ለሁለት የተከፈለ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት አንድ ወጥ፣ ሞላላ መስታወት አላቸው። ስለዚህ ሁለት መኪኖች ሊብሬያቸው ላይ «1953» ተብለው ተጽፈው፣ ሰብሳቢ ፊት ሲቀርቡ ግን የተለያዩ መኪኖች ናቸው። የሼቭሮሌት ኮርቬት ኩፔም እንዲሁ ነው። ለሁለት የተከፈለው የኋላ መስኮት የ1963 ሞዴል ላይ ብቻ ነበር፤ የ1964ቱ ላይ ቀረ። «አንድ ዓመት ልዩነት ምን አላት» ብሎ የ1964ቱን ለማወዳደሪያ የሚያመጣ ገማች፣ ሰብሳቢው የሚከፍልበትን ዋናውን ነገር ነው የጣለው።

ክርክሩም የሚጀመረው ከዚሁ ነው። ስልክ ደውሎ «ይሄማ ትንሽ ነው!» ማለት ከንዴት አያልፍም። ግምቱ የተሠራበትን ሙሉ ሪፖርት በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ መስመር በመስመር ውረዱበት። ሞዴሉ በትክክል ተጽፏል? ኪሎሜትሩስ? ሞተሩ ከፋብሪካ አብሯት የወጣው መሆኑ ተመዝግቧል? ማወዳደሪያ ተብለው የቀረቡት መኪኖች እውነት ይመስሏታል? አንዷ ሞተሯ የተቀየረ፣ ሌላዋ ወለሏ በዝገት የተበላ ሆና ልትገኝ ትችላለች። «በይዞታ ምክንያት» ተብሎ የተቀነሰ ካለም ማን አይቶ፣ መቼ አይቶ እንደቀነሰው ይነገራችሁ።

አሁን የእናንተ ተራ ነው። ማስረጃችሁ ከአደጋው በፊት ስለነበረው ይዞታ መናገር አለበት፦ ቀን ያላቸው ፎቶዎች፣ የጋራዥ ደረሰኞች፣ የድሮ ምርመራ ወረቀት፣ ሞተሩና ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር በቅርብ የተነሳ ፎቶ። ከሁሉም በላይ የተጠናቀቁ ሽያጮችን ሰብስቡ። ማስታወቂያ ላይ የተለጠፈ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው፤ በጨረታ የተዘጋ ዋጋ ግን ሰው በእርግጥ የከፈለው ነው። ይሄ ለእናንተም ይሠራል። የዓለምን ውድ ማስታወቂያ ለቅማችሁ ብትሄዱ ገማቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥለዋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ምስክር አለ፤ ራሷ መኪናዋ። ግንባሯ ቢደቅም የኋላ ፓራፋንጎዋና በሮቿ እንደነበሩ ናቸው። ኢንሹራንሱ «ድሮም በስቱኮ የተሞላች ነበረች» ካለ፣ የቀለም ውፍረት መለኪያ እዚያ ላይ ይደረግ። ቀለም ብቻ ያለበት ብረት ላይ ንባቡ በጥቂት መቶ ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ውስጥ ይሆናል። ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ ከ1000 ዘሎ ይሄዳል። (ኮርቬት ላይ አትሞክሩት፤ ቦዲው ፋይበርግላስ ስለሆነ ለብረት የተሠራው መለኪያ አይሠራም።) ለዚህ ነው ክርክሩ ሳያልቅ መኪናዋ ለቅሪት ገዢ እንዳትሸጥ በጽሑፍ መጠየቅ ያለባችሁ።

አንድ መራራ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ለእድሳት 400 ሺህ ማውጣት መኪናዋን የ400 ሺህ አያደርጋትም። ብዙ እድሳት ከሚመልሰው በላይ ይበላል። ደረሰኞቹ ይዞታዋን ያስረዳሉ እንጂ ዋጋዋን አይወስኑም። የደረሰኝ ድምር ይዞ የሚቀርብ ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

የግምቱ ማነስ ጉዳት ካሳው ላይ ብቻ አይቆምም። ጥገናው 160 ሺህ ይፈጃል እንበል። የጥገናው ወጪ ከዋጋዋ 75 በመቶ ካለፈ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ እንደወደመች ይቆጠራል የሚል ደንብ አለ እንበል። 200 ሺህ ከተገመተች ጥገናው 80 በመቶ ነውና ወድማለች ተብላ ትቀራለች። 320 ሺህ ከተገመተች 50 በመቶ ብቻ ነው፤ ትጠገናለች። መኪናዋ ያው ናት፣ ጉዳቱም ያው። መኪናዋን እኔው ላስቀራት ካላችሁ ደግሞ የቅሪቷ ዋጋ ከካሳው ይቀነሳል፤ ያ ቁጥር ከየት እንደመጣም ጠይቁ።

ደብዳቤ መጻጻፉ ካልፈታው የክላሲክ መኪና ዕውቀት ያለው ገለልተኛ ገማች ቅጠሩ። ውላችሁንም አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ ባሉ ብዙ የመኪና ኢንሹራንስ ውሎች ላይ የግምት አንቀጽ አለ። ሁለቱም ወገን የየራሱን ገማች ይመርጣል፤ ገማቾቹ ደግሞ ዳኛ የሚሆን ሦስተኛ ሰው ይመርጣሉ። ከሦስቱ ሁለቱ የተስማሙበት መጠን ያስራል። የራሳችሁን ገማች ትከፍላላችሁ፣ የዳኛውን ግማሽ ለግማሽ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ወጪው ይበልጠዋልና አስሉት። ይሄ መንገድ የሚፈታው የገንዘቡን መጠን ብቻ ነው። ኢንሹራንሱ «አደጋው ሽፋን የለውም» ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ወደ ተቆጣጣሪ አካል ወይም ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል። እስከዚያው «ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት አትፈርሙ። ያልተካደውን ገንዘብ አሁን ክፈሉኝ፣ በቀረው እንከራከራለን ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ይሄን ሁሉ ጣጣ የሚያስቀር የውል ዓይነት አለ፤ የስምምነት ዋጋ ይባላል። መኪናዋ ስንት እንደሆነች ገና ሲዋዋሉ ይቆረጣል፣ ሙሉ በሙሉ ከወደመች ያው ይከፈላል። መንትያ የሚመስለውን ግን ለዩት። ባለቤቱ ዋጋ የሚያስመዘግብበት፣ ድርጅቱ ግን ከተመዘገበውና ከገበያ ዋጋው ያነሰውን የሚከፍልበት ውል አለ። እዚያ ላይ ትልቅ ቁጥር ማስመዝገብ አረቦኑን ሊያስወድድ ይችላል እንጂ ካሳውን ከገበያ ዋጋ በላይ አያደርሰውም። ፖሊሲው ላይ «ከሁለቱ ያነሰው» የሚል ሐረግ ካያችሁ ውላችሁ ይሄኛው ነው።