የካንሰር ነርቭ ሳይንስ ምንድን ነው?

የካንሰር ነርቭ ሳይንስ የነርቭ ሕዋሳትና የካንሰር ዕጢ የሚለዋወጡትን መልእክት፣ ይህም ልውውጥ የዕጢውን እድገት፣ ስርጭትና ለሕክምና የሚሰጠውን ምላሽ እንዴት እንደሚለውጥ የሚመረምር የጥናት መስክ ነው። ዕጢ ምግብና ኦክስጅን ለማግኘት አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ እንደሚስብ ከታወቀ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ነርቭንም እንደሚስብ፣ የተሳበውም ነርቭ በሚያመነጫቸው ኬሚካሎች ዕጢውን እንደሚቀሰቅስ በስፋት መጠናት የጀመረው ግን በቅርቡ ነው።

የካንሰር ሕዋሳት የነርቭን ሽፋን ተከትለው እንደሚጓዙ ሐኪሞች ቀድሞም ያውቁ ነበር። ይህ ሁኔታ በአብዛኞቹ የቆሽት ካንሰር ታማሚዎች ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከላይኛው ሆድ ተነሥቶ ወደ ጀርባ ለሚዘልቀው ብርቱ ሕመም አንዱ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ነርቩ ለረጅም ጊዜ የታየው ካንሰሩ የሚያልፍበት መንገድ ተደርጎ ብቻ ነበር። ይህን አመለካከት ከለወጡት ሥራዎች አንዱ ክሌር ማኞን፣ ፖል ፍሬኔትና ባልደረቦቻቸው በ2013 ያወጡት የፕሮስቴት ካንሰር ጥናት ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በድንጋጤ ጊዜ ልባችንን የሚያስመታው ሲምፓቴቲክ የተባለው የነርቭ ክፍል በአይጦች ላይ የዕጢውን አጀማመር ሲያግዝ፣ ተቃራኒው ፓራሲምፓቴቲክ ደግሞ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል እንዲሰራጭ ሲያግዝ ተገኝቷል።

እጅግ የሚያስደንቀው ግኝት የመጣው ከአንጎል ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሼል ሞንጄ ቡድን በ2015 ባሳተመው ጥናት፣ የአይጦችን የነርቭ ሕዋሳት በብርሃን ሲያነቃ ግሊዮማ የተባለው የአንጎል ካንሰር እድገቱ ጨመረ፤ ለዚህም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ኒውሮሊጂን-3 የተባለ፣ ከነቃው የአንጎል ክፍል የሚለቀቅ ፕሮቲን ነበር። በ2019 ይኸው ቡድንና በጀርመን ሃይደልበርግ የእነ ፍራንክ ቪንክለር ቡድን፣ ነርቭ ከነርቭ ጋር የሚነጋገርበት ሲናፕስ የተባለው መገናኛ በነርቭና በካንሰር ሕዋስ መካከልም እንደሚሠራ አሳዩ። ነርቩ ግሉታሜት የተባለውን ኬሚካል ይለቃል፤ የካንሰሩ ሕዋስ በተቀባዮቹ ይቀበለዋል፤ በውስጡም የኤሌክትሪክ ለውጥ ይፈጠራል፤ እድገቱም ይፋጠናል። ዕጢው በበኩሉ በዙሪያው ያሉትን ነርቮች ከልክ በላይ እንዲነቁ ስለሚያደርግ፣ በእነዚህ ታማሚዎች ላይ የሚጥል በሽታ ምልክት በብዛት መታየቱ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ፔራምፓኔል የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከግሉታሜት ተቀባዮች አንዱን የሚዘጋ በመሆኑ፣ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው የግሊዮብላስቶማ (እጅግ አደገኛው የግሊዮማ ዓይነት) ታማሚዎችን ይረዳ እንደሆነ በጀርመን በሰዎች ላይ እንዲፈተሽ ተደርጓል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ወደ ዕጢው የሚሄደውን ነርቭ መቁረጥ መፍትሔ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። በ2014 በጨጓራ ካንሰር ላይ የተደረገ የአይጥ ሙከራም ይህን የሚደግፍ ይመስላል፤ ቬገስ የተባለውን፣ አንጎልን ከሆድ ዕቃ አካላት ጋር የሚያገናኘውን ነርቭ መቁረጥ ወይም በቦቶክስ ማደንዘዝ ዕጢውን ቀንሷል፣ ኬሞቴራፒውም ይበልጥ እንዲሠራ አድርጓል። ነገር ግን ያው ነርቭ በቆሽት ላይ ተቃራኒውን ይሠራል። በ2018 የታተመ ጥናት ቬገስ የተቆረጠባቸው አይጦች የቆሽት ካንሰር እንደተፋጠነ አሳይቷል። ነርቭን በጅምላ የካንሰር ወዳጅ ወይም ጠላት ብሎ መፈረጅ ስሕተት ነው የምለው ለዚህ ነው፤ የነርቩ ዓይነት፣ አካሉና የበሽታው ደረጃ ሁሉም ይወስናሉ።

ነርቭ በሕክምና ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ጎልቶ የሚታየው በሰውነት መከላከያ በኩል ነው። በ2022 በቆዳ ካንሰር ላይ በተደረገ ጥናት፣ የሕመም ስሜት አስተላላፊ ነርቮች ሲጂአርፒ የተባለ ኬሚካል በመልቀቅ ካንሰርን የሚያጠቁትን ቲ-ሴሎች እንደሚያደክሙ ታይቷል። የማይግሬን ራስ ምታትን ለማከም ይህን ኬሚካል የሚያግዱ መድኃኒቶች አስቀድመው በሥራ ላይ ስለሚገኙ፣ ለካንሰር ሕክምና አጋዥ መሆናቸውን መፈተሽ ከባዶ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ሌላው ትኩረት የሳበ መድኃኒት ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚሰጠው፣ ብዙዎች የሚያውቁት ፕሮፕራኖሎል ነው፤ የሲምፓቴቲክ ነርቭን መልእክት ያግዳል። በ2020 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 60 የጡት ካንሰር ታማሚዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለአንድ ሳምንት ፕሮፕራኖሎል ሲወስድ፣ በዕጢዎቹ ውስጥ ከስርጭት ጋር የተያያዙ የዘረመል ምልክቶች ቀንሰው ታይተዋል። መድኃኒቱ የአስም ሕመምተኛን የአየር ቧንቧ ሊያጠብና የልብ ምትን ሊያዘገይ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አይደለም። ደግሞም ጥናቱ የለካው በዕጢው ውስጥ የታየውን ለውጥ እንጂ ታማሚዎቹ የኖሩበትን ዕድሜ አልነበረም።