ሳይድቶን፦ የራስ ድምፅ በስልክ ማዳመጫ ውስጥ

የቤት ስልክ እጀታ አንስቶ መናገሪያው ላይ እፍ ያለ ሰው ትንፋሹን ወዲያው በጆሮው ይሰማዋል። ከማይክሮፎኑ ተነሥቶ እዚያው ስልኩ ውስጥ ወደ ማዳመጫው የሚዞረው ይህ የራስ ድምፅ በሙያው ቋንቋ ሳይድቶን ይባላል። ምክንያቱ ቤቱን ከስልክ ጣቢያው ጋር የሚያገናኘው መስመር አንድ ጥንድ ሽቦ ብቻ መሆኑ ነው፤ የሚወጣውም የሚገባውም ድምፅ በዚያው ጥንድ ስለሚያልፍ ማይክሮፎኑና ማዳመጫው የግድ ይገናኛሉ።

በቀደምት ስልኮች ችግሩ ከባድ ነበር። የካርቦን ማይክሮፎን ከባትሪ የሚመጣውን ጅረት እንደ ድምፁ ከፍታና ዝቅታ እየለዋወጠ ስለሚያሳልፍ፣ ከተናጋሪው አፍ ከሚወጣው ጉልበት እጅግ የሚበልጥ የኤሌክትሪክ ጉልበት ይሰጣል። በዚህ ላይ የሌላው ሰው ድምፅ ረጅም ሽቦ ተጉዞ፣ ደክሞ ነው የሚደርሰው። የራሱ ድምፅ ጆሮውን የሚያደነቁረው ሰው ሳያስበው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል ወይም እጀታውን ከአፉ ያርቃል፤ ያኔ በወዲያኛው ጫፍ ያለው መስማት ይቸግረዋል። የክፍሉ ጫጫታም በማይክሮፎኑ ገብቶ ማዳመጫው ውስጥ ከሌላው ሰው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። ጫጫታ ባለበት ቦታ መናገሪያውን በመዳፍ ሸፍኖ ማዳመጥ የሚረዳውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው የድምፁን ጅረት ለሁለት መክፈል ነው። ባለብዙ ጥቅል ትራንስፎርመር የማይክሮፎኑን ጅረት ከፍሎ አንዱን ወደ መስመሩ፣ ሌላውን የመስመሩን ባሕርይ እንዲመስል ሬዚስተርና ካፓሲተር ከተባሉ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ወደተሠራ ሚዛን ጠባቂ ሰርኪት ይልካል። ሁለቱ ጅረቶች በማዳመጫው በኩል የሚያሳድሩት ውጤት ተቃራኒ ስለሆነ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ግን እንዲህ ስለማይጠፋ በማዳመጫው ይሰማል። ዋጋው፣ ከሚወጣው ጉልበት ከፊሉ በሚዛን ጠባቂው ውስጥ ባክኖ መቅረቱ ነው፤ ክፍፍሉ እኩል ከሆነ ግማሹ ይጠፋል። የእነዚህን ሰርኪቶች ስሌት አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጆርጅ ካምቤልና ሮናልድ ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1920 በሰፊው አቅርበዋል። በ1937 የወጣው የአሜሪካው ስልክ አምራች የዌስተርን ኤሌክትሪክ 302 ስልክም ዘዴውን ይጠቀም ነበር።

አስቸጋሪው ነገር የሚዛኑ ልክ ነው። ከጣቢያው አጠገብ ያለ ቤትና ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ቤት መስመራቸው አንድ ዓይነት ባሕርይ የለውም፤ ፋብሪካው ግን ለሁለቱም የሚሸጠው አንድ ዓይነት ስልክ ነው። ስለዚህ ሚዛን ጠባቂው ለማንኛውም መስመር በትክክል የማይገጥም፣ ለሁሉም ግን የሚቀርብ የማካካሻ ልክ ይሰጠዋል። በ1949 መጨረሻ የመጣው የዚሁ ኩባንያ ሞዴል 500 እንደ ጅረቱ ብርታት የሚለዋወጡ ዕቃዎችን በመጨመር፣ መስመሩ አጭርና ጅረቱ ብርቱ ሲሆን የስልኩ ጉልበት በራሱ እንዲቀንስ አደረገ።

የራስ ድምፅ ፈጽሞ ቢጠፋስ? እንዲጠፋ አይፈለግም። ማዳመጫው ጭር ካለ ተናጋሪው መስመሩ የተቋረጠ ይመስለውና መጮኽ ይጀምራል። ሰው የራሱን ድምፅ በደንብ መስማት ሲያቅተው ድምፁን እንደሚያነሣ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ ገና በ1911 ገልጾታል። ስለዚህ የመሐንዲሱ ሥራ ማጥፋት ሳይሆን መመጠን ነው፤ በእኔ ግምት ከስሌቱ ይልቅ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። የሚመለሰው ድምፅ ደግሞ መዘግየት የለበትም፤ በሩቅ መስመር ዞሮ ዘግይቶ ከመጣ የገደል ማሚቶ ሆኖ አንደበትን ያስራል።

በሞባይል ስልክ የሚላከውና የሚመጣው ድምፅ ለየብቻ ስለሚጓዝ ሳይድቶን በራሱ አይፈጠርም። ቀድሞ በትራንስፎርመር ይቀነስ የነበረው ድምፅ ዛሬ በሶፍትዌር ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ይጨመራል፤ ጆሮን ጥርቅም አድርገው በሚዘጉ አንዳንድ ማዳመጫዎች ላይም መጠኑን ተጠቃሚው ራሱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።