«ምነው ያን ዘመን በዓይኔ ባየሁ!» ለምትሉ ተሳላሚዎች

ለትንሣኤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚመጡ የአገሬን ሰዎች ማስጎብኘት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከዴር ሱልጣን ወርደን ጎልጎታ በር ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ አንድ ሰው ቆም ይላል። «ምነው አንድ ቀን ብቻ ወደዚያ ዘመን ተመልሼ በዓይኔ ባየሁ!» ይላል። ምኞቱን እወደዋለሁ። እኔም ስንት ሌሊት ተመኝቼዋለሁ። የሚያበሳጨኝ ከምኞቱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሰው በሐሳቡ እዚያ ይደርስና የሚያየው ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለውን ሥዕል ነው። ያልነበረውን ያያል፤ የነበረውን ሳያይ ይመለሳል።

ያንኑ መልስ በየዓመቱ አውቶቡስ ውስጥ ከመደጋገም ዛሬ ልጻፈው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። የእኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።

«እነዚህ ግንቦች ጌታን አይተውታል»

አላዩትም። አሮጌዋን ከተማ የከበባትን ግንብ ያሠራው የኦቶማኑ ሱልጣን ሱሌይማን ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን። በአገራችን የግራኝ አሕመድ ጦርነት የነበረበት ዘመን ማለት ነው። አንዲት እናት ደማስቆ በር አጠገብ ድንጋዩን አቅፈው ሲያለቅሱ አይቼ አንጀቴ ተላወሰ። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን እኚህ ሰው ስንት ዓመት ገንዘብ አጠራቅመው የመጡት እውነተኛውን ለመንካት ነው። እጃቸውን ይዤ ከቤተ መቅደሱ ግቢ በስተደቡብ ወዳሉት ደረጃዎች ወሰድኳቸው። የዚያ ዘመን ተሳላሚ ወደ ቤተ መቅደሱ ይወጣ የነበረው በእነዚህ ነው። ከፊሎቹ በኋላ የተጠገኑ ናቸው። ከፊሎቹ ግን የዚያው ዘመን ድንጋዮች ናቸው። እዚያ ተቀምጠው ያልቅሱ።

ደግሞ «ጎልጎታ ከከተማ ውጭ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ይሄ መሀል ከተማ ስለሆነ ቦታውን ተሳስተዋል» የሚሉ አሉ። ያኔ ውጭ ነበር። ከስቅለቱ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሄሮድስ አግሪጳ አዲስ ቅጥር ማሠራት ጀመረና ቦታው ወደ ውስጥ ገባ። ግንቡ ነው የተንቀሳቀሰው።

ጥቃቅኖቹን በፍጥነት ላሳልፋቸው።

ምዕራባዊው ግንብ የሰሎሞን አይደለም። የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ ባቢሎናውያን በ586 ቅ.ል.ክ. አፍርሰውታል። አሁን የምታዩት ታላቁ ሄሮድስ ያስጀመረው የግቢው ድጋፍ ግንብ ነው።

ሐዋርያትን በማዕተብ አትፈልጓቸው። በዚያ ዘመን መስቀል ሰው የሚገደልበት የሮም መሣሪያ ነበር፤ ማንም አንገቱ ላይ አያስረውም።

ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያንም አታገኙም። ጸሎቱ በሰው ቤት ነበር። የተጻፈ ወንጌልም ገና የለም። ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ቀድመው የተጻፉት የቅዱስ ጳውሎስ መልእክቶች ናቸው፤ ያውም በ50 ዓ.ም. አካባቢ።

«የመጽሐፍ ቅዱስን መጻሕፍት የመረጠው የኒቅያ ጉባኤ ነው» የሚለውም ስህተት ነው። በ325 ዓ.ም. ሠለስቱ ምዕት የተሰበሰቡት በአርዮስ ጉዳይ ነው። ካወጧቸው 20 ቀኖናዎች አንዱም የመጻሕፍት ዝርዝር የለውም። 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዛሬ እንዳሉን አድርጎ የዘረዘረው የቅዱስ አትናቴዎስ ደብዳቤ የተጻፈው በ367 ዓ.ም. ነው። ለእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርገው የላኩልን እኚሁ አትናቴዎስ ናቸው።

«እኔ ብኖር ኖሮ እነዚያን አይሁድ…»

እዚህ ላይ አላሳጥርም። እዚያ ዘመን ብትደርሱ የምታገኙት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አይሁዳዊ ነው። ጌታ በሥጋ አይሁዳዊ ነው። እመቤታችን፣ ሐዋርያት፣ በመንገዱ ላይ እያለቀሱ የተከተሉት ሴቶችም አይሁድ ናቸው። ስቅላት ግን የሮም ቅጣት ነው፤ የፈረደውም የሮም ገዥ ጲላጦስ ነው። ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ በ1961 ቂሣርያ ላይ ተገኝቷል። ከትንሣኤ በኋላም ያመኑት ሰዎች በየቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ ይሄዱ እንደነበር የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። «ክርስቲያን» የሚለው ስም ራሱ በኋላ አንጾኪያ ላይ የወጣ ነው።

አንድ ተሳላሚ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ስለ አይሁድ ክፉ ሲናገር ሰማሁ። ባለሱቁ አማርኛ አይሰማም ብሎ ነው። ባለሱቁ ግን ከጎንደር የመጣ ቤተ እስራኤል ነበር። ምንም አላለም። መልሱን ቆጥሮ በሁለት እጁ ሰጠው፤ «መልካም በዓል» አለው፤ በአማርኛ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ሳልናገር ማንንም ይዤ ገበያ አልገባም።

«ትክክለኛውን የልደት ዓመት የያዝነው እኛ ነን፤ ፈረንጆቹ ዓመት ጨመሩበት»

ይሄን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። የምናገረው አቆጣጠራችንን ለማቃለል አይደለም። ጾማችንንና በዓላችንን በባሕረ ሐሳብ የምናወጣበት፣ አባቶች ያቆዩልን ሀብት ነው። የሚያናድደኝ ያልያዘውን ነገር ይዟል ማለታችን ነው።

እስቲ ወደዚያ ዘመን የሚወስድ መኪና አለ እንበል። ዓመቱን በእኛ 1 ዓ.ም. ላይ ሞልታችሁ ቤተ ልሔም ወረዳችሁ። ግርግሙን ትፈልጋላችሁ። ሕፃኑን ትጠይቃላችሁ። የሉም።

ምክንያቱም የእኛ 1 ዓ.ም. የሚጀምረው በፈረንጆቹ 8 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ቅዱስ ማቴዎስ ጌታ የተወለደው በንጉሥ ሄሮድስ ዘመን ነው ይላል። ሄሮድስ መቼ ሞተ? የዚያው መቶ ዘመን አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ፍላቭዮስ ዮሴፍ ከአንድ የጨረቃ ግርዶሽ በኋላ፣ ከፋሲካ በፊት ሞተ ብሎ ጽፏል። አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ይህን 4 ቅ.ል.ክ. ላይ ያደርጉታል። እናንተ ስትደርሱ ሄሮድስ ከሞተ 11 ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ልጁ አርኬላዎስም የለም። ጻድቁ ዮሴፍ ከግብፅ ሲመለስ የፈራው ያ ሰው በ6 ዓ.ም. በሮማውያን ተሽሮ ተግዟል። ይሁዳን የሚገዛው የሮም ሹም ነው።

አንድ ጎበዝ ወጣት ከቅፍርናሆም እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ በዚህ ጉዳይ ተከራከረኝ። በመጨረሻ «እሺ፣ በእኛ 1 ዓ.ም. ላይ 33 ጨምርበት» አልኩት። 34 ሆነ። በፈረንጆቹ ወደ 42 ዓ.ም. ይመጣል። ጲላጦስ ግን ይሁዳን የገዛው ከ26 እስከ 36 ነው። ቄሣሩ ጢባርዮስም በ37 ሞቷል። «ታዲያ ማን ፈረደበት?» አልኩት። ዝም አለ። ማሸነፌ አላስደሰተኝም፤ ልጁ የከፋው መሰለኝ። ሻይ ጋብዤው እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳሁት።

ቁጥሩ ከየት መጣ? አዳም «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» ተባለ የሚለውን ትውፊት ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ሲቆጠር 5500 ዘመን ይሆናል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ዓመቱን ያሰላው በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነበረ አንያኖስ የሚባል የእስክንድርያ መነኩሴ ነው። እኛ የያዝነው የእሱን ስሌት ነው። ሮም ውስጥ የነበረው መነኩሴ ዲዮናስዮስ ደግሞ በ525 ዓ.ም. ሌላ ስሌት ሠራ። ፈረንጆቹ የሱን ያዙ። ማንም ከማንም ላይ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ሁለት መነኮሳት በየፊናቸው፣ ዘመኑ ካለፈ በኋላ ያሰሉት ነው። የዲዮናስዮስ ቢያንስ በ4 ዓመት ዘገየ። የእኛ ደግሞ ከዚያ በላይ።

መኪናውን ካገኛችሁ ለልደት ዓመቱን ከ6 እስከ 4 ቅ.ል.ክ. ላይ አድርጉት። ለስቅለት በ30 ወይም በ33 ዓ.ም. አካባቢ። በእኛ 1 ዓ.ም. ላይ ካረፋችሁም አትዘኑ። ቤተ ልሔምን ትታችሁ ወደ ናዝሬት ሂዱ። ትንሽ መንደር ናት። እዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ታገኛላችሁ። ቅዱስ ሉቃስ በቤተ መቅደስ ከመምህራን መካከል ተቀምጦ ያሳየን በዚያ ዕድሜው ነው። እኔ ብሆን ያን ፋሲካ ለማየት ሌላውን ሁሉ እተዋለሁ።

«ጃንደረባው የሄደው ወደ አክሱም ነው»

በሐዋርያት ሥራ ላይ ፊልጶስ ያጠመቀው የሕንደኬ ጃንደረባ ነገር ሲነሳ አውቶቡሱ ሁሉ ያጨበጭባል፤ ደስታውን ማደብዘዝ አልፈልግም። ግን «ሕንደኬ» የአንዲት ሴት ስም አይደለም፤ የመርዌ ንግሥታት ማዕረግ ነው። መርዌ በዓባይ ዳር፣ ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር ነው። ግሪኮች ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በሙሉ ኢትዮጵያ ይሉት ነበር። የአክሱም ነገሥታት ያመኑት በ4ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ነው። ከዚያ በኋላ የተመቱት ሳንቲሞቹ በዓለም መስቀል ከተቀረጸባቸው የመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው። ይህ ያንሰናል?

«ቋንቋውን አንዲት ቃል አንሰማም»

ይሄኛው ብቻ ስህተት በመሆኑ ደስ ይለኛል። ጌታ በአብዛኛው የሚናገረው አራማይክ ነበር። የእኛ ግእዝ ዘመድ ነው። ሙሉ ንግግሩን ባትከታተሉም ጆሯችሁ ላይ የሚቀር ቃል አለ። ደንቆሮውን ሲፈውስ «ኤፍታህ» አለው፤ «ተከፈት» ማለት ነው። ግእዙም «ፈትሐ» ይላል፤ እኛም «ፈታ» እንላለን።

ከመምጣታችሁ በፊት የማርቆስን 5ኛ ምዕራፍ አንብቡ። ከጫማና ከኮፍያ በላይ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። እኔ ቅፍርናሆም ላይ፣ ከነጩ ምኩራብ ሥር ካለው ጥቁር ድንጋይ አጠገብ አነበዋለሁ። ነጩ በኋላ ዘመን የተሠራ ነው፤ ጥቁሩ ይቀድመዋል። ባለፈው ዓመት አንዲት ማንበብ የማይችሉ እናት አብረውን ነበሩ። የኢያኢሮስ ልጅ የሞተችበት ላይ ደረስኩ። «የብላቴናይቱንም እጅ ይዞ፦ ጣሊታ ቁሚ አላት» ብዬ ትርጉሙን ልቀጥል ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ቆይ ልጄ» አሉ። «ቁሚ ነው ያላት? እንደኛ፣ ቁሚ?»

«አዎ እማማ» አልኩ። «ቁሚ።»