ተንቀሳቃሽ የሙዚቃ ማጫወቻና የድምፅ ፋይል ዓይነት አመራረጥ በጎንደር

ተንቀሳቃሽ ዲጂታል የሙዚቃ ማጫወቻ በኪስ የሚያዝ፣ በራሱ ባትሪ የሚሠራና ወደ ቁጥር ተለውጦ የተቀመጠ ድምፅን ከውስጥ ማከማቻው ወይም ከሚሞሪ ካርድ እያነበበ በጆሮ ማዳመጫ ወይም በድምፅ ማጉያ የሚያሰማ መሣሪያ ነው። በጎንደር ከተማና በአካባቢዋ ስያሜው ሰፋ ብሎ ሊወሰድ ይገባዋል፤ ለማዳመጥ ብቻ የተሠራው ትንሽ ማጫወቻ፣ ሚሞሪ የሚቀበለው ባለ ቁልፍ ስልክ፣ የአንድሮይድ ስልክ፣ እንዲሁም ሬዲዮና የካርድ ማስገቢያ ያለው፣ ገበሬው ወደ እርሻ፣ ነጋዴው ወደ ሱቁ ይዞት የሚሄደው ስፒከር ሁሉም አንድ ሥራ ይሠራሉና። ከእነዚህ አንዱን የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው መልኩንና ዋጋውን ነው። ይሁን እንጂ መጀመሪያ የሚደመጠው የድምፅ ዓይነት፣ ቀጥሎ ያንን ድምፅ ሳያበላሽ የሚይዘው የፋይል ዓይነት፣ በመጨረሻም ፋይሉን የሚያነበው ዕቃ ቢታሰብ ምርጫው የተሻለ ይሆናል። በጎንደር የሚደመጠው ድምፅ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ የመሰንቆው ፍትጊያ፣ የጸናጽሉ ሽክሽክታ፣ የከበሮው ምት፣ የዋሽንቱ ትንፋሽ አንዱ የፋይል ዓይነት ከሌላው የሚለይበትን ቦታ ቶሎ ያሳብቃሉ።

ከካሴት ወደ ሚሞሪ

ድምፅን በኪስ ይዞ መንቀሳቀስ ከዲጂታሉ ዘመን ይቀድማል። የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ ሶኒ ዎክማን የተባለውን የኪስ ካሴት ማጫወቻ ለገበያ ያቀረበው በ1979፣ ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በሰፈረበት በዚያው ዓመት ነው። የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ኢንስቲትዩት ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ያዳበረው፣ ድምፅን አምቆ የፋይሉን መጠን የሚያሳንሰው ኤምፒስሪ (MP3) በ1993 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኖ ታተመ፤ ዛሬ የምናውቀውን የፋይል ቅጥያ ያገኘው ግን በሐምሌ 1995 ነው። በ1998 ሳይሃን የተባለ የኮሪያ ኩባንያ ኤምፒማን የተሰኘውን ማጫወቻ ሲያወጣ ማከማቻው 32 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር በተለመደው አስተማመቅ የሚይዘው ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፈን ነበር፤ የዘጠና ደቂቃ ካሴት አንድ ገጽ እንኳ 45 ደቂቃ እንደሚይዝ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ዕድገት አይመስልም። አፕል በጥቅምት 2001 ያሳየው የመጀመሪያው አይፖድ 5 ጊጋባይት ይዞ መጣ፤ ኩባንያው የመጨረሻውን አይፖድ ማምረት ማቆሙን ያስታወቀው በግንቦት 2022 ነው። ሥራው ወደ ስልክ ተዛውሯል፤ ለማዳመጥ ብቻ የሚሠሩት ማጫወቻዎችም በሁለቱ ጫፎች፣ ማለትም በጣም ርካሽ በሆኑትና ለድምፅ ጥራት በተሠሩት ውድ ዕቃዎች ዘንድ ቀርተዋል።

ቁጥር የሆነ ድምፅ

የሲዲ ድምፅ የሚገኘው በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ የድምፁን ሞገድ በመለካትና እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት፣ ማለትም በ16 የዜሮና የአንድ አሃዞች፣ በመጻፍ ነው። በዚህ መንገድ እስከ 22,050 ኸርዝ (በሰከንድ 22,050 ንዝረት) ያለው ድምፅ ሁሉ ይያዛል፤ የጤነኛ ወጣት ጆሮ የሚሰማው ወደ 20,000 ኸርዝ ድረስ ሲሆን ዕድሜ ሲገፋ ይህ ይቀንሳል። የግራና የቀኝ ጆሮ ድምፅ ተደምሮ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት፣ በደቂቃ ከ10 ሜጋባይት ትንሽ በላይ ይወጣዋል። ዌቭ የሚባለው ፋይል ይህንን እንዳለ ሲያስቀምጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፍላክ አንዲት ቢት ሳይጥል ያምቀዋል፤ እንደ ሙዚቃው ዓይነት መጠኑን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። የአፕል አላክ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ኤምፒስሪ፣ ኤኤሲ፣ ኦግ ቮርቢስና ኦፐስ ግን እየቀነሱ ያምቃሉ፤ የጣሉት ክፍል ተመልሶ አይገኝም።

የአምስት ደቂቃ ዘፈን በዌቭ 53 ሜጋባይት ያህል፣ በፍላክ 30 ሜጋባይት ገደማ፣ በሰከንድ 320 ኪሎቢት በሚወስድ ኤምፒስሪ 12 ሜጋባይት፣ በ128 ኪሎቢት ደግሞ ከ5 ሜጋባይት በታች ይሆናል። በመሆኑም ባለ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ በመጀመሪያው 1,200 ገደማ፣ በመጨረሻው ከ13,000 በላይ ዘፈን ይይዛል። ሚሞሪ ውድ በነበረበት ጊዜ ይህ ልዩነት ሁሉን ይወስን ነበር። ዛሬ ግን በእውነት የሚያዳምጡት ዘፈን ሁለትና ሦስት ሺህ ለሆነ ሰው ካርዱን በዝቅተኛ ጥራት ማጨቅ ትርጉም የለውም።

እየቀነሱ የሚያምቁት ዘዴዎች የተመሠረቱት ጎላ ያለ ድምፅ በአጠገቡ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ከጆሮ ስለሚሸፍን ነው። ከበሮ ሲመታ በዚያች ቅጽበት የሚተነፍሰው ዘማሪ አይሰማም፤ ስለዚህ ትንፋሹን በዝርዝር መጻፍ አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ድምፁ ድንገተኛ ሲሆን ወይም በከፍተኛው የድምፅ ክልል ሲበታተን ነው። ኤምፒስሪ ድምፁን እየቆራረጠ የሚያስተናግድ በመሆኑና አንዷ ክፋይ 1,152 ልኬቶች ወይም 26 ሺህኛ ሰከንድ ያህል ስለምትይዝ፣ ቢቱ ሲያንስ የከበሮው ምት ስሕተት ከምቱ በፊት ባለው ጸጥታ ላይ ይፈስና ምቱ ስለቱን ያጣል። ጸናጽሉ ደግሞ የባሰ ነው። የብረት ቅጠሎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ የሚወጣው ድምፅ ወደ ላይኛው ክልል የተዘረጋና ሥርዓት የሌለው በመሆኑ ለማመቅ አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ የማመቂያ ፕሮግራሞችም በ128 ኪሎቢት ከ16,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ጨርሰው ይቆርጡታል። ውጤቱ የሚያውቀው ሰው ቶሎ የሚለየው፣ ጸናጽል ሳይሆን ውኃ ውስጥ የተነከረ የሚመስል ድምፅ ነው። በጎንደር ለሚኖር አድማጭ ከሁሉ የተሻለው የጥራት መፈተኛ ይህ ይመስለኛል፤ የማኅሌት ቅጂ በ128፣ በ192 እና በ320 ኪሎቢት አዘጋጅቶ የጸናጽሉን ቦታ ብቻ እያነጻጸሩ ማዳመጥ። በ128 እና በ192 መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ቦታ ሊሰማ ይችላል፤ በ320 እና በፍላክ መካከል ያለውን ግን በጥሩ ማዳመጫም ቢሆን ብዙዎች አይለዩትም። በአንድ መሰንቆ የሚዘፍን አዝማሪ በአንጻሩ በ128 ኪሎቢትም የሚጎዳው ጥቂት ነው፣ እልልታውና ጭብጨባው ከበስተኋላ እስኪገባ ድረስ።

ከኤምፒስሪ በኋላ የመጡት በተመሳሳይ መጠን የተሻለ ይሠራሉ። ኤኤሲ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ኦፐስ በ2012 መስፈርት ሆነው ወጥተዋል። ለርካሽ ስፒከርና ለባለ ቁልፍ ስልክ ግን በእርግጠኝነት የሚነበበው ኤምፒስሪ ነው፤ የፓተንት ፈቃድ ሽያጩም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ስላበቃ አሁን ማንም ያለ ክፍያ ይሠራበታል። ለብዙው የጎንደር አድማጭ የሚመጥነው ከ192 ኪሎቢት የማያንስ ኤምፒስሪ ነው።

ቅጂና ግልባጭ

ጎንደር የአቋቋም (በከበሮና በጸናጽል የሚቀርበው ዝማሬ) ትምህርት ማስመስከሪያ የሆነችው የበአታ ቤተ ክርስቲያን ከተማ ናትና፣ እዚህ ማጫወቻ የሚይዘው ዘፈን አድማጭ ብቻ አይደለም። ተማሪ የመምህሩን ድምፅ ቀድቶ ይዞ ይሄዳል፤ ምእመንም የበዓል ማኅሌትን በስልኩ ይቀዳል። የቆዩ ስልኮች ለዚህ የሚጠቀሙበት ኤኤምአር የተባለው ዓይነት ለስልክ ንግግር የተሠራ ሲሆን፣ ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ስለሚለካ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቀራል። ንግግሩ ይሰማል፣ ዜማውም ይታወቃል፤ ጸናጽሉ ግን ከነአካቴው የለም። የቴሌግራም የድምፅ መልእክትም በኦፐስ ስለሚታመቅ ለማስታወሻ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም፤ ያንኑ ቅጂ በፋይልነት ቢልኩት ግን ሳይለወጥ ይደርሳል። ሊቀመጥ የሚገባው ቅጂ በዌቭ ተቀድቶ ወደ ፍላክ መለወጥ አለበት፤ ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ለመዝገብ የሚመክረው ዝቅተኛ መጠን በሰከንድ 48,000 ልኬትና 24 ቢት ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚቀዳ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ይኖርበታል፤ ዌቭ ፋይልም ሆነ ፋት32 የተባለው የካርድ አደረጃጀት አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አያሳድጉም፤ ይህም በሲዲ ጥራት ስድስት ሰዓት ከሦስት ሩብ ገደማ ነው። ሌሊቱ ከዚያ ይረዝማል።

አንድ ጊዜ የተቀነሰ ድምፅ እንደገና በሌላ ዓይነት ቢታመቅ ጉዳቱ ይደራረባል። ከኢንተርኔት ቪዲዮ ላይ የወረደ ዘፈን ብዙውን ጊዜ በ128 ኪሎቢት አካባቢ የተቀመጠ ስለሆነ ወደ 320 ኤምፒስሪ መለወጥ ፋይሉን ያፋፋዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም፤ ስለዚህ በፋይሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን ምስክር አይሆንም። ከአሮጌ ካሴት የሚገለበጥም እንዲሁ ነው። የካሴቱ የራሱ ሹሹታ ጥራቱን ስለሚወስነው፣ ለማዳመጥ ከሲዲ ልክ በላይ መውጣት ሚሞሪ ማባከን ነው፤ ገንዘቡ የቴፑን ራስ ለማጽዳትና ጥሩ ገመድ ለመግዛት ቢውል ይሻላል።

ፊደልና ስም

በውጭ አገር የተጻፉ የማጫወቻ መመሪያዎች የማይነኩት፣ ለአማርኛ ተጠቃሚ ግን ዋና የሆነ ጉዳይ አለ። በኤምፒስሪ ፋይል ውስጥ የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም የሚይዘው አይዲ3 የተባለ መለያ በመጀመሪያው ዓይነቱ ለአንድ ስም 30 ቦታ ብቻ የሚሰጥና ለላቲን ፊደል የታሰበ ነበር፤ ከሁለት መቶ በላይ ፊደላት ላሉት ለግዕዝ ሥርዓተ ጽሕፈት አይበቃም። ፊደላችን የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ወደሚጻፉበት የጋራ መስፈርት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲሆን፣ ሁለተኛው የአይዲ3 ዓይነት ዩኒኮድን ይቀበላል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ማጫወቻው በውስጡ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ከሌለው ስሙ በሳጥን ረድፍ ወይም በጥያቄ ምልክት ይተካል። የአንድሮይድ ስልኮች በአብዛኛው ችግሩ የለባቸውም፤ ርካሹ ማጫወቻ ግን አለበት። በዚህ ምክንያት ሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆች ስሙን በላቲን ፊደል፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደመሰለው፣ ይጽፉታል፤ ከዚያ አንዱን ዘፋኝ በሦስት አጻጻፍ ሦስት ቦታ ማግኘት የተለመደ ይሆናል። የሚሻለው ፋይሎቹን በአቃፊ ከፋፍሎ ከስማቸው በፊት 01፣ 02 እያሉ ቁጥር ማስቀደም ነው፤ ስም የማያነብ ማጫወቻም ቢሆን ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል። አንዳንድ ርካሽ ስፒከሮች ግን ቁጥሩንም ሳያዩ ወደ ካርዱ በተገለበጡበት ተራ ያጫውታሉ።

ዕቃው

ሙዚቃ ከመጫኑ በፊት ካርዱ ራሱ መፈተሽ አለበት። እስከ 32 ጊጋባይት ያሉት ካርዶች በፋት32፣ ከዚያ በላይ ያሉት በኤክስፋት ተዘጋጅተው ይሸጣሉ፤ ርካሽ ማጫወቻ ሁለተኛውን ላያነብ ይችላል። ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ በኮምፒውተር ላይ 59 ያህል ቢያሳይ ማጭበርበር አይደለም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ማጭበርበሩ ፎርጅድ የሚባለው ካርድ ነው፤ 64 እያሳየ በእውነት የሚይዘው 8 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ የተጻፈው ዘፈን በስሙ ይታያል፣ ሲከፈት ግን ይቆራረጣል ወይም ዝም ይላል። መላው ካርድ ተሞልቶ ካልተነበበ አይታወቅም።

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ባትሪ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ጉልበቱን በብዛት የሚወስደው ስክሪኑ ስለሆነ ትንሽ ስክሪን ያለው ማጫወቻ ወይም ባለ ቁልፍ ስልክ ከዘመናዊው ስልክ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የባሕር ዳር መንገድ ሄዶ መመለስ ለእነርሱ ከባድ አይደለም። በብሉቱዝ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ፋይሉ ፍላክም ቢሆን ድምፁ ለአየር ጉዞው እንደገና እንደሚታመቅ ማወቅ አለበት፤ ለጥራት ብሎ ፍላክ የጫነ ሰው የገመድ ማዳመጫ ሶኬት ያለው ዕቃ ቢይዝ ምርጫው እርስ በርሱ አይጣላም። ስለ ድምፅ ከፍታ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ ወይም ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ድምፁን የሚጨምር ሰው ይህን ገደብ ሳያውቀው ያልፋል።

ለክፍያ ሚሞሪ የሚጭን ሱቅ የዘፈኑን ባለመብት ፈቃድ ካልያዘ ሥራው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ይጥሳል።

ፒያሳም ሆነ ቅዳሜ ገበያ ዕቃ ለመግዛት የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን ባይሄድ ይመረጣል። ሦስት ፋይሎች የያዘ ትንሽ ካርድ ይበቃዋል፤ አንዱ ጸናጽል ያለበት የማኅሌት ቅጂ፣ ሁለተኛው ስሙ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ዘፈን፣ ሦስተኛው ከሰዓት በላይ የሚሄድ ስብከት ወይም ትረካ። ሦስተኛው የሚያስፈልገው መሐል ላይ አጥፍቶ እንደገና ለማብራት ነው፤ ካቆመበት የማይቀጥል ማጫወቻ ረጅም ቅጂ ለሚሰማ ሰው አይሆነውም፤ ሻጩም ይህን ራሱ ሞክሮት ስለማያውቅ ቢጠየቅ የሚመልሰው በግምት ነው።