የሰሜን ሸዋ ደጋ ከተሞች የቧንቧ ውኃ አገልግሎትና የጣርማ በር መንገድ

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከጫጫና ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በአንድ በኩል በጣርማ በር አድርጎ እስከ ደብረ ሲና፣ በሌላ በኩል ደግሞ እስከ አንኮበር የሚዘልቀው ደጋ በርካታ ከተሞችን በጫንቃው ይዟል። ይህ ዳሰሳ ከተሞቹ ውኃ ከየት እንደሚያገኙ፣ ደንበኛው ከውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ጋር እንዴት እንደሚገናኝና የመንገዱ ይዞታ ለዚህ አገልግሎት ምን ያህል ወሳኝ እንደ ሆነ ይገልጻል። ውኃና መንገድ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ቢያዙም እዚህ ተራራ ላይ አይነጣጠሉም። የቧንቧው መስመር ብዙ ጊዜ የሚቀበረው በመንገድ ዳር ነው። ምንጭ የሚያፈልቀው ገደል መንገድም ይንዳል። ፓምፕ ሲቃጠል ለጥገና የሚወርደውም፣ ተጠግኖ የሚመለሰውም በዚሁ መንገድ ነው።

አቀማመጥና አየር

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ በ15ኛው መቶ ዘመን የተቆረቆረችው ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መንገዱ ከእርሷ ወደ ሰሜን እየወጣ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርስና ቁልቁል ይታጠፋል። ደብረ ሲና በ190ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት። ከእርሷ በታች ያለችው ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ ወደ 1,300 ሜትር ብቻ ነው። ብርድ ልብስ ደርቦ ከደብረ ብርሃን የተሳፈረ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቆላ ወርዶ ካፖርቱን ያወልቃል።

ተራራው የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። ከጫፉ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ዝናብ በበሬሳና በጫጫ ወንዞች በኩል ጀማን ተቀላቅሎ ዓባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው በሮቢና በከሰም በኩል ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ለሁለት ታላላቅ ወንዞች የሚመግብ ደጋ የራሱ ከተሞች ውኃ በፈረቃ የሚጠብቁበት መሆኑ ለአካባቢው ተወላጅ የሚቆረቁር ነገር ነው።

ዋናው ዝናብ ክረምት ሲሆን የበልግ ዝናብም አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲያድር የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። ይህ ለገበሬው ብቻ ሳይሆን ለቧንቧ ሠራተኛውም ሥጋት ነው። ከመሬት በላይ የተዘረጋ ቀጭን ቧንቧና ያለ ሳጥን የተተከለ ቆጣሪ ውርጭ ሲመታቸው ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ጥንቁቅ ቤተሰብ ኅዳር ከመግባቱ አስቀድሞ ከቆጣሪው እስከ ግቢው ቧንቧ ያለውን መስመር አፈር ያለብሰዋል፤ ካልሆነም በጆንያና በጨርቅ ይጠቀልለዋል።

የውኃው ምንጭና ጉዞው

ከቧንቧ በፊት በነበረው ረጅም ዘመን፣ አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችበትን ጊዜ ጨምሮ፣ ሰው የሚጠጣው ከወንዝና ከምንጭ በእንስራ የተቀዳ ውኃ ነበር። ዛሬ ሁለት ዐይነት ምንጮች አሉ። በገደል አፋፍ ባሉት አነስተኛ ከተሞችና ቀበሌዎች የጎለበተ፣ ማለትም በግንብ ተይዞ ወደ ቧንቧ የገባ ምንጭ ይበዛል፤ ሜዳማ በሆነው በደብረ ብርሃን ዙሪያ ደግሞ ጥልቅ ጉድጓድና ፓምፕ ያስፈልጋል። ምንጭ ትልቁ ጸጋው ያለ መብራት በራሱ ክብደት መውረዱ ነው። ጉድጓድ ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፤ የከተማው ሰው «ውኃ የለም» ከማለቱ በፊት «መብራት አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

በራሱ ክብደት የሚወርድ ውኃም ጣጣ አለበት። ውኃ በ10 ሜትር ከፍታ ልዩነት 1 ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል። ከከተማው 100 ሜትር ከፍ ብሎ ከተሠራ ማጠራቀሚያ በቀጥታ የወረደ ውኃ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ 10 ባር ያህል ይጫናል፤ ብዙው ተራ የፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ የተሠራው ለዚህ መጠን ነው። ምንጩ 300 ሜትር ከፍ ያለ እንደ ሆነ ውኃው እየወረደ በየመካከሉ አየር የሚያገኝበትና ግፊቱን የሚያራግፍበት የግንብ ሳጥን ካልተሠራለት መስመሩ ይፈነዳል። በየጉብታው ላይ አየር ማስወጫ፣ በየጎድጓዳው ደለል ማጠቢያ ቫልቭ ያስፈልጋል። እነዚህ ሳጥኖች ከከተማ ርቀው፣ ብዙ ጊዜ ከመንገድ በላይ ባለ ዳገት ላይ ስለሚሠሩ የሚያያቸው ጥቂት ነው። ክዳናቸው ተሰርቆ ወይም ተሰብሮ ከተገኘ ለጽሕፈት ቤቱ ማሳወቅ የሁሉም ሰው ግዴታ መሆን አለበት።

የምንጩን ጤንነት ማወቅም አያስቸግርም። ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ የሚደፈርስ ምንጭ የገጸ ምድር ውኃ እየገባበት ነው፤ ከበላዩ ያለው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተደፍኗል፣ ወይም አጥሩ ፈርሶ ከብት እየገባ ነው ማለት ነው። በክሎሪን የታከመ ውኃ ቤት ሲደርስ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖረው ይፈለጋል። ሽታው የማያስደስታቸው አሉ፤ ነገር ግን ያ ሽታ ውኃው መጠበቁን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ምንጩን በዘላቂነት የሚጠብቀው ግን ግንብ ሳይሆን ደንና ሣር ነው። በአንኮበርና በጣርማ በር መካከል ያለው የወፍ ዋሻ ደን ከዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ እንደ ተጠበቀ ይነገራል፤ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን የጽድ ዘርም የሄደው ከዚሁ ነው ይባላል። በመንዝ የጓሳ ሣር ምድርማ ለመላው አገር ምሳሌ ነው። የአስቦና የጌራ ባለ ርስቶች ቄሮ በሚባለው ሥርዓታቸው ጓሳውን ለዓመታት ዘግተው ሣሩ ሲደርስ ብቻ ይከፍቱት ነበር። ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ በኋላ በራሱ ምክር ቤት ጥበቃውን መልሶታል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት፣ ዝናቡንም እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ለወንዞች የሚለቅ ቦታ ነው።

ምን ያህል ውኃ ይበቃል?

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የወጣው መለኪያ ከተሞችን በሕዝብ ብዛት በ5 ደረጃ ይከፍላል። ለአንድ ሰው በቀን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ከተማ 100 ሊትር፣ ከ100,000 በላይ ለሆነው 80፣ ከ50,000 በላይ 60፣ ከ20,000 በላይ 50፣ ከዚያ በታች ለሆነው 40 ሊትር ነው። ለገጠር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ 25 ሊትር ተመድቧል።

በ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ ደብረ ብርሃን 65,231 ነዋሪ ነበራት። በ60 ሊትር ሲሰላ ይህ በቀን ወደ 3,900 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። የነዋሪው ቁጥር 100,000 ሲያልፍ ግን መለኪያው ራሱ ወደ 80 ስለሚያድግ የሚያስፈልገው 8,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ሰዉ በግማሽ ጨመረ፣ ውኃው እጥፍ ሆነ። ፋብሪካዎቹ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ከልዩ ልዩ አካባቢ ተፈናቅለው ከተማዋ የተቀበለቻቸው ወገኖች፣ በመስመር ላይ የሚፈስሰውም ውኃ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሉም። የፈረቃ ውኃ ምክንያቱ የሠራተኛ ስንፍና ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ሒሳብ ቢሠራው ይበጃል።

የደንበኞች አገልግሎት

በክልሉ ከተሞች የቧንቧ ውኃ የሚያስተዳድረው የከተማው የመጠጥ ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ነው፤ በላዩም ቦርድ አለው። አዲስ መስመር የሚፈልግ ሰው ማመልከቻ ይጽፋል፣ የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የቀበሌ ደብዳቤ ያቀርባል። ባለሙያ ቦታውን አይቶ ከዋናው መስመር ያለውን ርቀት ለክቶ የዕቃና የጉልበት ግምት ያወጣል። ክፍያው ተፈጽሞ ውል ሲፈረም ቆጣሪ ይተከላል። ግቢ ውስጥ መስመር ያልገባለት ሰው ከቦኖ ይቀዳል። ሌሊት ተነሥተው ጄሪካን የሚያሰልፉት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች በመሆናቸው ቦኖ በሰዓቱ መከፈቱ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ሊቀድም ይገባዋል።

በየወሩ ቆጣሪ አንባቢው ይመጣል። ሒሳቡ በእርከን ስለሆነ ብዙ የተጠቀመ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ የሚከፍለው ከፍ ይላል፤ የቆጣሪ ኪራይም ይታከልበታል። 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ደግሞ 50 ጄሪካን ነው። በተለመደው ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ አኃዞች ሙሉ ሜትር ኩብን፣ ቀያዮቹ ከዚያ የሚያንሰውን ያሳያሉ፤ ለሒሳብ የሚነበቡት ጥቁሮቹ ናቸው። ሒሳብ በዛብኝ የሚል ደንበኛ ጽሕፈት ቤት ከመሄዱ በፊት ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግቶ በቆጣሪው ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ይመልከት። ምንም ሳይቀዳ የምትዞር ከሆነ ውኃው ከቆጣሪው ወዲህ፣ በራሱ ግቢ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የመጸዳጃ ቤቱ ማጠራቀሚያ ተንሳፋፊ ወይም ከመሬት በታች ያለ መገጣጠሚያ ነው።

ደንበኞች አጥብቀው የሚያነሡት ሌላ ቅሬታ የአየር ጉዳይ ነው። ውኃ በፈረቃ ተቋርጦ ሲመለስ ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ቀድሞ ሲወጣ ቆጣሪውን ያዞረዋል። ይህ እውነት ነው። በወር ሒሳብ ላይ የሚጨምረው ብዙ ነው የሚሉ አሉ፤ ባለሙያዎች ደግሞ እንደ መስመሩ ይለያያል ይላሉ። በዳገት ጫፍ ያለ ቤት ከሌላው ይልቅ መቸገሩ ግን አያጠራጥርም፤ አየር የሚጠራቀመው ከፍ ካለ ቦታ ነውና። መፍትሔው አየር ማስወጫ ቫልቮቹን በየጊዜው ማየት ነው።

ክፍያ ቀድሞ በጽሕፈት ቤቱ መስኮት በሰልፍ ይፈጸም ነበር። አሁን በባንክና በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር መክፈል በየከተማው እየተለመደ ነው። ውዝፍ ሲጠራቀም መስመር ይቆረጣል፤ ለማስቀጠል ውዝፉና ቅጣቱ ይከፈላል።

የጣርማ በር መንገድ

መንገዱን በመኪና እንዲሄድ አድርጎ የጠረገው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ የጣሊያን ጦር ነው። ዓላማው ሠራዊትና ስንቅ ወደ ሰሜን ማመላለስ ነበር። መንዝ፣ አንኮበርና አካባቢያቸው ደግሞ በራስ አበበ አረጋይና በሌሎች የሸዋ አርበኞች የሚንቀሳቀስ የትግል ምድር ስለነበሩ መንገዱ ለወራሪው ሰላም የሰጠው አልነበረም። በጣርማ በር ተራራ ውስጥ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ተፈለፈለ። ዛሬም ድረስ በሙሶሊኒ ስም የሚጠሩት አሉ፤ የቦታው ስም ግን ጣርማ በር ነው፤ መጠራት ያለበትም በዚሁ ነው። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መንገዱን ተረከበ፤ ዛሬ ኃላፊነቱ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። በ1989 ዓ.ም. ለጥገና ገንዘብ እንዲመድብ የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ።

የዋሻው ውስጥ ጨለማ ነው፤ ከጣራው ውኃ ይንጠባጠባል፤ ወለሉ እርጥብ ነው። አፉ ላይ በክረምት የሚቆመው ጉም አንዳንዴ የፊተኛውን መኪና መብራት ይሸፍናል። ከባድ መኪና ይዞ የሚወርድ ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን አክብዶ፣ ሞተሩ እንዲይዝለት አድርጎ መግባት አለበት፤ በፍሬን ብቻ እስከ ደብረ ሲና የሚወርድ ፍሬኑን ያግላል። ደብረ ሲና ሲደርስ ቆሞ ፍሬን እያቀዘቀዘ የታወቀውን የደብረ ሲና ቆሎ ይገዛል። ከጣርማ በር ሳይገቡ ወደ ግራ የሚገነጠለው መንገድ ወደ መንዝ፣ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ ይወስዳል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚሄደውም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ በሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ያገናኙ የጠጠር መንገዶች ተሠርተዋል፤ ክረምት ሲበረታ ቀድመው የሚቋረጡት እነርሱ ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰበት ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ነበር።

የመሬት መንሸራተት

የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለው ይህ ገደል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጠንካራው ባዛልት በለስላሳ ዐለትና በልል አፈር ላይ ተነባብሯል። ዝናብ ሲሰርግ ለስላሳው ይላላል፤ ከበላይ ያለው ይንሸራተታል። በ1997 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያና በ1998 ዓ.ም. መባቻ በደብረ ሲና አካባቢ የደረሰው መንሸራተት ቤትና እርሻ ይዞ ሄዶ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። በጥናት ከተመዘገቡት የአገሪቱ ታላላቅ መንሸራተቶች አንዱ ነው።

ውኃና መንገድ ሊመካከሩ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው። ከተሰበረ ቧንቧ ለሳምንታት የሚሰርግ ውኃ እንደ ዝናብ ዳገቱን ያላላል። ከመንገድ የሚወጣ የጎርፍ ቱቦም ምንጭ በላይ ከተደፋ ውኃውን ያበላሸዋል። ግሬደር ቦይ ሲጠርግ የተቀበረ መስመር ይቆርጣል። መንገድ ከመቆፈሩ በፊት የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ከቦታው ተገኝቶ መስመሩን በኖራ ማመልከት አለበት፤ ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ብዙ ወጪ የሚያስቀር ሥራ ነው።

የመንገድ መዘጋት ወሬ ቀድሞ የሚሰማው መናኸሪያ ላይ፣ ከወረዱ ሾፌሮች ነው። የትራፊክ ፖሊስ፣ የአካባቢው ኤፍ ኤም ሬዲዮና የመንገዶች አስተዳደር ማስታወቂያ ይከተላሉ። በክረምት ጉዞ ያለው ሰው ከመነሣቱ በፊት መናኸሪያ ቢደውል ወይም ሰው ቢጠይቅ ይመረጣል። የተሰበረ መስመር ወይም የተናደ መንገድ ያየ ሰው ሲያመለክት የቅርቡን መንደር ስም፣ ጉዳቱ ከመንገዱ በላይ ወይም በታች መሆኑን፣ የሚወጣው ውኃም ንጹሕ ወይም ጭቃ መሆኑን ቢናገር የሚላከው ሠራተኛ የቧንቧ ዕቃ ይዞ ወይስ ሎደር ይዞ መሄድ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። ድንገት ከዳገት ሥር ጭቃ ውኃ ሲፈልቅ፣ ወይም በአስፋልቱ ዳር ከገደሉ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ሲታይ ግን ጥገና አይጠበቅም፤ ከታች ያለው ነዋሪ ወዲያው ይነገረዋል፣ መኪናም ይቆማል።